የመሥራቹ ቁስልና የድርጅቱ ዕድሜ

ወጣት የበጎ አድራጎት ድርጅት መሪ በቴሌቪዥን ሲቀርብ የሚነገርለት ታሪክ ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ልጅነቱ ይነሣል፦ እናት አባቱን በጊዜ ያጣ፣ በዘመድ ቤት በሥራ የተንገላታ፣ በመጨረሻም ጎዳና የወጣ። አንድ ደግ ሰው ያገኘዋል፣ ይማራል፣ ከዚያ እንደ እርሱ የተጣሉ ልጆችን ሰብስቦ ቤት ይከራያል። ጠያቂዋ እንባዋን ትጠርጋለች፤ ከታች የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይሮጣል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ እዚህ የምናነሣውም የእውነትነቱን ነገር አይደለም። በአንድ ሰው ቁስል ላይ የቆመ ሥራ ያ ሰው ቢታመም፣ ቢሰደድ ወይም ቢሞት በምን ይቆማል? ጥያቄው ቢያንስ አርባ ዓመት ሆኖታል። በበጎ አድራጎት ላይ በአሥር ዓመት ውስጥ ሁለት አዋጅ ወጥቷል፤ ይህ ጥያቄ ግን አሁንም በአደባባይ ሲነሣ አይሰማም።

መረዳዳት ለእኛ አዲስ አይደለም ሲባል ቀድሞ የሚጠራው እድር ነው። እድር ግን አንድ የሚገርም ነገር አለው፤ መሥራቹ አይወራለትም። የሰፈራችሁን እድር ማን እንዳቋቋመው ጠይቁ። አንድ ሽማግሌ ካስታወሱ ሁለት ሦስት ስም ይጠሩላችሁ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ወሬው ወደ መዋጮው ይሄዳል። ዳኛው ይቀየራል፣ ጸሐፊው ይቀየራል፣ ገንዘብ ያዡ ካጎደለ ይጠየቃል፤ ድንኳኑና ብረት ድስቱ የሁሉም ነው። የማንም የሕይወት ታሪክ ሳይተረክለት ትውልድ የሚሻገር ድርጅት በእጃችን አለ ማለት ነው። ጉድለቱ በሌላ በኩል ነው። እድር የሚያውቀው መዋጮ የከፈለውን ነው። ከገጠር ተፈናቅሎ የመጣ ልጅ፣ መንገድ ዳር የምትወልድ ሴት፣ አእምሮው ታውኮ ከቤት የወጣ ሰው በእድሩ መዝገብ ላይ የሉም። እነርሱ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ደጃፍ ምጽዋት ተትተው ኖረዋል፤ ከዚያም አልፎ አልፎ እንቅልፍ ለሚነሣው ግለሰብ።

መንግሥታትም በበጎ ፈቃድ ስም ብዙ ሰው አንቀሳቅሰዋል። በንጉሡ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር ያገለግሉ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ስልሳ ሺህ ያህል ተማሪና መምህር ገጠር ገባ፤ በ1971 ዓ.ም. የመሃይምነት ማጥፋት ዘመቻው ተከተለ። ዛሬም በየክረምቱ የአቅመ ደካሞች ቤት ሲታደስ እናያለን። የእነዚህን ዘመቻዎች ውጤት ማናናቅ አልፈልግም፤ የፊደል ዘመቻው ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል። ነገር ግን ከላይ ታዝዞ የሚሄድ ሰው ትእዛዙ ሲያበቃ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በራሱ ሕመም የተነሣው ሰው ግን መመለሻ የለውም፤ ለዚህም ነው ስለ በጎ አድራጎት ስናወራ ዘመቻዎቹን ረስተን ግለሰቦቹን የምናስታውሰው።

ከእነርሱም ቀድመው የሚጠሩት ወ/ሮ አበበች ጎበና ናቸው። ሰሜን ሸዋ ሸበል አቦ በምትባል መንደር እ.ኤ.አ. በ1935 ተወለዱ። አባታቸው በጣሊያን ወረራ ጦርነት ሞቱ፣ እርሳቸውም በአያቶቻቸው እጅ አደጉ። ገና በልጅነታቸው ያለ ፈቃዳቸው ተዳሩ፤ ከዚያ ቤት አምልጠው አዲስ አበባ ገቡ። ተምረው ቡናና እህል በሚያቀርብ ድርጅት ጥራት ተቆጣጣሪ ሆኑ፣ ትዳርም ያዙ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ከመከራ አምልጣ ኑሮዋን ያቀናች አንዲት ሴት ታሪክ ብቻ በሆነ ነበር።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ዓለም ያወቀው የ1977ቱ ረሃብ ገና ሳይመጣ፣ ለግሸን ማርያም ንግሥ ወሎ ወጡ። በመንገድ ያዩት ረሃብ ነው፤ የሞተች እናቷ አጠገብ የቀረች ሕፃን። ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባላቸው አልተቀበሉትም፤ እርሳቸውም ከልጆቹ ጋር ወጡ።

ተደጋግሞ የሚተረከው ይህ ክፍል ነው። እኔ ግን ከዚህ በኋላ ያለውና ብዙም የማይተረከው ይበልጥ ይገርመኛል። ዶሮ ያረቡባት በነበረች ጎጆ ውስጥ ልጆቹን አስገብተው፣ ጌጣጌጣቸውን ሸጠው፣ እንጀራና ጠጅ እያዘጋጁ መሸጥ ጀመሩ። ትምህርት ቤት የሚከፍሉት ሲያጡ አስተማሪዎች ቀጠሩ። ቆይቶም የእርሻ መሬት ተገዝቶ ልጆቹ ራሳቸው የሚያለሙት የፍራፍሬ ቦታ ሆነ። እርዳታ ሰጪዎች የመጡት ሥራው በራሱ እግር መቆም ከጀመረ በኋላ ነው፤ ድርጅቱም በሕግ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። “እማዬ” ይባሉ የነበሩት ሴት ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ሲያርፉ ስማቸውን የያዘው ድርጅት አብሮ አልተቀበረም። የገበያ ሥራና የእርሻ ሥራ ከመጀመሪያው ባይለመድ ኖሮ ይህ ይሆን እንደነበር እጠራጠራለሁ።

ሁለተኛዋ ቦጋለች ገብሬ ናቸው፤ ወዳጆቻቸው ቦጌ ይሏቸው ነበር። ከምባታ ውስጥ ተወልደው በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ተገረዙ። ውሃ የሚቀዱ መስለው እየወጡ በድብቅ ፊደል ቆጠሩ፣ ከመንደራቸው ከአራተኛ ክፍል ያለፉ የመጀመሪያዋ ልጅ ሆኑ። ከዚያ ኢየሩሳሌም በሂብሩ ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎም በፉልብራይት ድጋፍ አሜሪካ ማሳቹሴትስ ተማሩ። ሎስ አንጀለስ እያሉ ማራቶን እየሮጡ ገንዘብ አሰባስበው ወደ ኢትዮጵያ መጻሕፍት ይልኩ ነበር። በመኪና አደጋ ክፉኛ ተጎድተው ዳግም የሚራመዱ አይመስልም ተብሎም ነበር። ዛሬ በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን በጎፈንድሚ የሚያደርጉትን እርሳቸው ያን ጊዜ በእግራቸው አድርገውታል።

እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ ከምባታ ተመልሰው ከእህታቸው ጋር ድርጅት ሲያቋቁሙ በልባቸው የነበረው ግርዛቱ ነው። ስለ እርሱ ወዲያው መስበክ ይችሉ ነበር፣ ቁስሉም መብቱን የሚሰጣቸው ይመስላል። ይሁን እንጂ የአገሩን ሰው መጀመሪያ የጠየቁት ምን እንደሚፈልግ ነው። መልሱ ከግርዛት ጋር አይገናኝም፤ ድልድይ ነው የጠየቃቸው። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ወደ ገበያ የሚሻገሩበት አጥተው ነበር። ድልድዩ ተሠራ። ስለ ግርዛት፣ ስለ ጠለፋና ስለ ኤችአይቪ የተነገረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም በስብከት ሳይሆን ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ልጃገረዷም በየሳምንቱ ተቀምጠው በሚነጋገሩበት የማኅበረሰብ ውይይት። እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት ሙሽራ አለመገረዟን በአደባባይ አሳውቃ ተዳረች፤ ሙሽራውም እንደ እርሷ ደስታውን ገለጠ። ሥራው ሲጀመር ከሞላ ጎደል ሁሉም ይደግፈው የነበረው ልማድ እ.ኤ.አ. በ2008 ጥቂት ደጋፊ ብቻ ቀርቶት ተገኘ። ቦጋለች እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 አረፉ።

መከራ አንዱን ችግር አጥርቶ ያሳያል፣ ከጎኑ ያለውን ደግሞ ይጋርዳል። ብቻውን ያደገ ወጣት ለልጆች መጀመሪያ የሚያስብላቸው ቤት ነው፤ እርሱ ያጣው ቤት ነበርና። ዛሬ ጎዳና ላይ ያለችው ልጅ ግን ምናልባት አክስት አላት፣ አክስቷም የጎደላት የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ብቻ ነው። ማሳደጊያ ውስጥ ከሚገኙ ልጆች ብዙዎቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ ወይም የቅርብ ዘመድ እንዳላቸው በዘርፉ የሚሠሩ ሁሉ ያውቁታል። የመንግሥት የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ማሳደጊያን የመጨረሻ አማራጭ አድርጎታል፤ የውጭ ጉዲፈቻ ደግሞ በጥር 2010 ዓ.ም. በፓርላማ ተከልክሏል። በቴሌቪዥን የሚታየው ግን አሁንም ብዙ አልጋ የተደረደረበት ክፍል ነው፤ ምክንያቱም አክስት ቤት የምትኖር ልጅ ለካሜራ አትመችም።

ሕጉስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ማኅበራትን ያውቃቸዋል፣ በዝርዝር የሚመራቸው ሕግ ግን የመጣው ዘግይቶ ነው። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝን ድርጅት በሰብዓዊ መብት፣ በሴቶችና በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። የአስተዳደር ወጪ ከሠላሳ በመቶ እንዳይበልጥ ሲደነገግም የአሠልጣኝ አበልና የመኪና ነዳጅ ጭምር በአስተዳደር ይቆጠር ነበር። ሰውን ለማስተማር የሚዞር ድርጅት መዞሩ ራሱ እንደ ብክነት ታየበት ማለት ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የመሰለ ነባር ተቋም የባንክ ሒሳቡ ታግዶ ተዳከመ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይህን ሽሮ የውጭ ገንዘብ ገደቡን አነሣ፣ የአስተዳደር ወጪን ትርጉም አጥብቦ ጣሪያውን ሃያ በመቶ አደረገ፣ ድርጅቶች ነግደው ገቢ እንዲያገኙም መንገዱን ከፈተ። ወ/ሮ አበበች ጠጅ ሸጠው ያደርጉት የነበረው ነገር በግልጽ ተፈቀደ ብንል ያስኬዳል።

አዋጁ ቦርድ ወይም ጠቅላላ ጉባኤ፣ ዓመታዊ ሪፖርትና የኦዲት ምርመራ ይጠይቃል። ወረቀቱ ይሟላል። ችግሩ ያለው ከምዝገባው በፊት ባለው ጊዜ ነው። ጥቂት ጓደኛሞች በፋሲካ ሰሞን አልባሳት ያከፋፍላሉ፣ እሑድ እሑድ ጎዳና ላይ ያበላሉ፣ በፌስቡክና በቲክቶክ ይታወቃሉ፣ ገንዘብም መምጣት ይጀምራል። የሚገባው የት ነው? አብዛኛውን ጊዜ በአንዱ ልጅ የግል ሒሳብ ነው። ክፋት ኖሮት ላይሆን ይችላል፤ ፈቃዱ ስላልወጣ ነው። ሕጉ ለዚህ ዓይነት የአጭር ጊዜ መሰብሰብ የበጎ አድራጎት ኮሚቴ የሚባል መንገድ አዘጋጅቷል፣ የሚጠቀሙበት ግን ጥቂቶች ናቸው። ከዓመት በኋላ ፈቃድ ሲወጣ ልማዱ ጸንቷል፤ ቦርዱ የጓደኞች ስም ዝርዝር ነው፣ ውሳኔው የመሥራቹ ነው፣ ለጋሹም የሚደውለው በመሥራቹ የግል ስልክ ነው።

የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በዚህ ረገድ ሊታይ የሚገባው ነው። በጥር 2002 ዓ.ም. በቢንያም በለጠ ተመሠረተ፤ ያን ጊዜ መሥራቹ ወጣት ነበር። “ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው” የሚለው መፈክሩ የመከራ የምስክር ወረቀት አይጠይቅም፣ ይህም ከሌሎቹ ይለየዋል። በ2017 ዓ.ም. ለሕንፃው ማስጨረሻ በቀጥታ ሥርጭት በተደረገው ማሰባሰብ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ተገኘ፤ ሕዝቡ አቅም እንዳለው ያየንበት ነው። ያም ሆኖ የሰዉ እምነት በአብዛኛው የተጣለው በአንድ ሰው ፊት ላይ ነው። ይህ ለሰውየው ክብር ነው፤ ለተቋሙ ግን ዕዳም ጭምር ነው።

ከሁሉ ይልቅ በግልጽ መነገር ያለበት የተረጂዎቹ ፊት ጉዳይ ይመስለኛል። መሥራቹ የራሱን መከራ ቢተርክ የራሱ ነው፣ መርጦ ነው። የሰባት ዓመቷ ልጅ ግን እናቷ እንዴት እንደጣለቻት በካሜራ ፊት ስትጠየቅ አልመረጠችም፤ ምስሉም አድጋ ሥራ ስትጠይቅ ይጠብቃታል። በልጅነታቸው ፎቶ እየተነሡ የተረዱ ዛሬ ድርጅት የሚመሩ ወጣቶች ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረባቸው። አንዳንዶቹ ያውቁታል፣ የልጆቹን ፊት ሸፍነው ነው የሚያሳዩት። ገቢያቸው ግን ከሌሎቹ ያነሰ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም፤ ያን ቅናሽ የፈጠርነው እኛ ለጋሾቹ ነን።

በአዲሱ አዋጅ የተመዘገቡት አገር በቀል ድርጅቶች በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ብዙዎቹ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የተቋቋሙ፣ ከመሥራቾቻቸውም መካከል በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያሉ የሚገኙባቸው ናቸው። ወ/ሮ አበበችና ቦጋለች ሲያርፉ በድርጅቶቻቸው ላይ የመጣው ቀን በእነዚህ ላይ ገና አልመጣም፤ ጤና ካለ ለሠላሳ ዓመትም ላይመጣ ይችላል። እስከዚያ ድረስ ግን መሥራቹ ለትምህርት ሁለት ዓመት ውጭ ይሄዳል፣ ይታመማል፣ ያገባል፣ ይደክመዋል፤ ያን ሳምንት ቼኩ ላይ የሚፈርመው ሁለተኛ ሰው ማን እንደሆነ ወደ ድርጅቱ ደውሎ መጠየቅ ማንኛውም ለጋሽ ይችላል።