የሪቮልቨር እጀታና የእጅ ልክ

የሽጉጥ ፋብሪካው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ለገበያ ያቀረበው «ቺፍስ ስፔሻል» ትንሽ ሪቮልቨር ነው፤ ጥይት ሳይጎርስ 550 ግራም ገደማ ይመዝናል። ቃታውን (ጥይቱን የሚመታውን ክፍል) በአውራ ጣት አስቀድመው ሳያነሱ ምላጩን ብቻ ስበው ለመተኮስ ግን ወደ 5 ኪሎ ተኩል የሚጠጋ ጉልበት ያስፈልጋል። ጣት የሚስብበት ኃይል ሽጉጡ ከሚመዝነው ዐሥር እጥፍ ማለት ነው። ሌባ ጣት ምላጩን ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ በመሳብ ፈንታ 10 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ቢያዘነብል፣ ከዚያ ኃይል ውስጥ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋው ሽጉጡን ወደ ጎን ይገፋዋል። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያው በ10 ሴንቲሜትር በሚራራቅ ሽጉጥ ላይ ደግሞ የአንድ ሚሊሜትር መዛነፍ 10 ሜትር ርቆ ባለ ዒላማ ላይ 10 ሴንቲሜትር ይሆናል።

ብዙ ሰው ሲስት ዓይኑን ወይም በርሜሉን ይጠረጥራል። እጀታውን የሚጠረጥር ጥቂት ነው፤ እሱም ቢሆን የሚጠይቀው «ያምራል ወይ?» ብሎ ነው። እጀታ ግን ዋና ሥራው ሌባ ጣት ምላጩ ላይ የት እንደሚያርፍ መወሰን ነው። ልስላሴውም፣ የእንጨቱ ውበትም ከዚያ ቀጥለው ይመጣሉ።

እንግሊዛዊው የአናቶሚ ምሁር ጆን ኔፒየር እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ጥናት የሰውን እጅ አያያዝ በሁለት ከፍሎ ነበር። አንደኛው መዶሻ እንደምንይዘው ጣቶች ከመዳፍ ጋር ጨምቀው የሚይዙበት የኃይል አያያዝ ነው። ሁለተኛው በጣትና በአውራ ጣት ጫፍ የሚከናወነው የጥንቃቄ አያያዝ ነው። ሽጉጥ ሁለቱን በአንድ እጅና በአንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ ሦስቱ ጣቶች አጥብቀው ይጨብጣሉ፣ ሌባ ጣት ብቻውን በእርጋታ ይሠራል። ችግሩ ጣትን የሚያጥፉት ጡንቻዎች ክንድ ውስጥ ተጎራብተው የሚገኙ መሆናቸው ነው። ትንሿ ጣት ድንገት ስትጨብጥ ሌባ ጣት ሳይታዘዝ ይከተላታል። እጀታው ለሦስቱ ጣቶች በቂ ቦታ ካልሰጠ፣ ወይም ካልሞላላቸውና በየተኩሱ እንደገና እንዲጨብጡ ካስገደዳቸው፣ ሌባ ጣት ነጻነቱን ያጣል።

የእጅ ልክ ሲባል ብዙዎች የመዳፍን ስፋት ያስባሉ። ለሽጉጥ የሚጠቅመው ልክ ሌላ ነው፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ካለው ጎድጓዳ ቦታ እስከ ሌባ ጣት የመጀመሪያ አንጓ (ከጫፉ ሲቆጠር) ያለው ርቀት። ከሽጉጡ ወገን አቻው ከእጀታው ጀርባ እስከ ምላጩ ፊት ያለው ነው። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1988 ባካሄደው የአካል ልኬት ጥናት የወንዶች እጅ ርዝመት ከእጅ አንጓ እስከ መሃል ጣት ጫፍ በአማካይ 19.4 ሴንቲሜትር፣ የሴቶቹ 18.1 ሴንቲሜትር ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ምላጭ ላይ የአንድ ሴንቲሜትር ጉድለት ማለት ጣት በአንጓው አካባቢ በማረፍ ፈንታ በጥፍሩ ጫፍ ብቻ ይደርሳል ማለት ነው፤ በጥፍር ጫፍ ደግሞ 5 ኪሎ ተኩል ቀጥ ብሎ አይሳብም። አማካይ ነውና በሁለቱም ወገን ከዚህ የሚያንስም የሚበልጥም እጅ ሞልቷል፤ «የወንድ እጀታ»፣ «የሴት እጀታ» ብሎ መሸጥ ስለዚህ ብዙም አያስኬድም።

ፋብሪካው ራሱ ይህን ለመማር ጊዜ ወስዶበታል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እ.ኤ.አ. በ1902 «ሌዲስሚዝ» ብሎ ያወጣው ሪቮልቨር በጣም ትንሽ የሆነ ባለ .22 ካሊበር ነበር፤ ሽጉጡን በሙሉ አሳንሶ ለትንሽ እጅ እንዲስማማ ማድረግ መሆኑ ነው። በ1989 ያንኑ ስም መልሶ ሲያነሣው ግን መደበኛውን ባለ .38 ካሊበር አካል አስቀርቶ ቀጭን የእንጨት እጀታ ገጠመለት። ሁለተኛው ዘዴ የተሻለ ነው፤ የጥይቱ ጉልበት ሳይቀንስ እስከ ምላጩ ያለው ርቀት ይቀንሳልና።

ሪቮልቨር ለእንዲህ ያለ ማስተካከያ የተመቸ መሣሪያ ነው። በአውቶማቲክ ሽጉጥ እጀታው የጥይት ካርታው ማኖሪያ ስለሆነ ከካርታው በታች ሊቀጥን አይችልም። ሪቮልቨር ጥይቱን የሚይዘው በከበሮው ውስጥ ነው፤ እጀታው ውስጥ ከሞላ በቀር እምብዛም ነገር የለም። ቀጭን የብረት አጽም ላይ እንጨትም ይሁን ጎማ እንደተፈለገው ይገጠማል። የኮልት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. የ1873 ሽጉጥ እጀታ ከ1851ዱ «ኔቪ» የተወረሰ ክብ ቅርጽ ያለው ሲሆን፣ ሲተኮስ እጅ ውስጥ ይሽከረከራል። በየተኩሱ ቃታውን በአውራ ጣት ለሚያነሣ ሰው ይህ ጥሩ ነበር፤ ሽጉጡ ሲሽከረከር ቃታው ራሱ ወደ ጣቱ ይቀርብለታል። በአንድ ስበት ለሚተኩስ ግን መከራ ነው፤ እጅ በየተኩሱ ቦታውን ይለቃልና። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1870ዎቹ ለሩሲያ ጦር በሠራቸው ሽጉጦች የእጀታ ጀርባ አናት ላይ ጉብታ ማድረጉ እጅ ወደ ላይ እንዳይንሸራተት ነበር።

ከሁሉም አስቸጋሪው ጥያቄ የርግጫው ነው፤ ትንሽ እጅ ያለው ሰው የሚቸገረውም እዚህ ላይ ነው። 10 ግራም ያህል የሚመዝን የ.38 ስፔሻል አረር በሰከንድ 230 ሜትር ሲወነጨፍ፣ 550 ግራም የሚመዝነውን ሽጉጥ በሰከንድ ከ4 ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ወደ ኋላ ይገፋዋል። ሽጉጡ እጥፍ ቢከብድ የርግጫው ጉልበት በግማሽ ይቀንሳል። እጀታ ይህን ስሌት አይለውጥም። ሊያደርግ የሚችለው ምቱን ሰፋ ባለ የመዳፍ ቦታ ላይ ማሰራጨትና፣ ጎማ ከሆነ፣ ምቱ የሚያርፍበትን ጊዜ ጥቂት ማርዘም ነው። ሽጉጡ ደግሞ አፈሙዙ ከእጅ በላይ ስለሆነ ወደ ኋላ ብቻ አይገፋም፤ ወደ ላይም ይነሣል። እጅ በእጀታው ላይ ከፍ ብሎ በያዘ መጠን መነሣቱ ይቀንሳል።

ታዲያ የእጀታውን ጀርባ በጎማ የሸፈነ ዓይነት ምቱን ያለሰልሳል፤ በዚያው ልክ ግን ጥቂት ሚሊሜትር ውፍረት ስለሚጨምር ምላጩን ያርቃል። የጀርባውን ብረት ክፍት የሚተው ዓይነት ምላጩን ያቀርባል፣ ብረቱ ግን መዳፍን ያሳምማል። ጣቱ የማይደርስለት ሰው ሳያውቀው ሽጉጡን በመዳፉ ዙሪያ ያዞረዋል፤ ያኔ ርግጫው ከክንዱ አጥንት ጋር መስመሩን ይስታል፣ በአውራ ጣት ሥር ባለው መጋጠሚያ ላይ ያርፋል። ጎማ ገዝቶም ያመዋል ማለት ነው። በእኔ ግምት ርቀቱ ይቅደም፤ ክፍት ጀርባ ያለው ቀጭን እጀታ ይገጠምና ለልምምድ ቀለል ያለ ጥይት ይመረጥ። ለስላሳው ጎማ ጣቱ ለተረፈለት ሰው ነው።

ትልቅ እጅ ያለው ሰው ችግር ተቃራኒው ነው። ሌባ ጣቱ ከምላጩ አልፎ ይሄዳል፣ ሽጉጡን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ መሃል ጣቱን ምላጩን የሚጠብቀው የብረት ቀለበት በየተኩሱ ይመታዋል፤ ትንሿ ጣት ደግሞ ማረፊያ አጥታ አየር ላይ ትቀራለች። ለእርሱ ከቀለበቱ ኋላ ያለውን ክፍተት የሚሞላ፣ ጀርባውን የሚሸፍንና ወደ ታች የሚረዝም እጀታ ይሻለዋል። የረዘመ እጀታ ልብስ ሥር ቢያዝ ጎልቶ ይታያል፤ ይህ ዋጋው ነው። የጣት ቦይ የተቆፈረባቸውን እጀታዎች ግን ለማንም አልመክርም። ቦዮቹ የተቆፈሩት በሠሪው ጣት ልክ ነው፤ የእርስዎ ጣት ከዚያ ቢወፍር ወይም ቢቀጥን ሸንተረሩ ላይ ይወጣል። እንጨት ከሆነ በሞረድ ሊስተካከል ይችላል፤ ጎማ ከሆነ አይሆንም።

መሞከሪያው ቀላል ነው፤ ይሁንና በባዶ ሽጉጥ ብቻ ይደረግ። ከበሮውን ይክፈቱ፤ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ በዓይንም በጣትም ይመርምሩ፤ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ያዙሩ። ከዚያ በርሜሉ ከክንድዎ አጥንት ጋር ቀጥ እንዲል አድርገው ይጨብጡ። ጣትዎ ምላጩ ላይ እንዲደርስ ብለው ጨበጣዎን አያዙሩ፤ የሚለካው ያ ነውና። የሌባ ጣት የመጀመሪያ አንጓ ምላጩ ላይ ወይም እጅግ አጠገቡ ካረፈ ርቀቱ ልክ ነው። የሦስቱ ጣቶች ጫፍ የአውራ ጣትን ሥር ከወጋ እጀታው ቀጥኗል፤ ወደዚያ ሊጠጋ ካልቻለ ወፍሯል። በመጨረሻም ምላጩን በዝግታ ስበው የፊት ማነጣጠሪያውን ይመልከቱ፤ ቃታው ሲወድቅ ወደ አንድ ጎን ከዘለለ እጀታው አልተስማማም።

በብዙዎቹ ሪቮልቨሮች ላይ እጀታውን የሚይዘው አንድ ቪቴ ብቻ ነው፤ አውጥቶ ሌላ መግጠም ደቂቃ አይፈጅም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሁለት ሦስት ዓይነት ያስገጥሙ። ባለሱቁ ለማስሞከር ፈቃደኛ ካልሆነ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።