ግድግዳና ኮለን ሲደራረቡ ማን ይቁረጥ?

ሬቪት ገበያ ላይ ከዋለ እ.ኤ.አ. በ2025 25 ዓመት ሞላው። የሕንፃ ንድፍ ሶፍትዌር በነዚህ ዓመታት ብዙ ተለውጧል፤ ሁለት ማቴሪያሎች የሚገናኙበት ጥግ ግን አሁንም ያጨቃጭቃል። ግድግዳው ኮለኑ ውስጥ ይገባል፣ ሶሌታው ግድግዳውን ሰንጥቆ ይወጣል፣ ሴክሽኑ ላይ መኖር የሌለበት መስመር ይቀራል። መስመሩስ በእጅ ይጠፋል። የሚከፋው የተደራረበው መጠን ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ቴክ ኦፍ ሺት ውስጥ መግባቱ ነው።

እንዴት ይቆረጥ የሚለው የሒሳብ ጥያቄ ነው፤ መሠረቱን በ1970ዎቹ ካምብሪጅ ላይ ኢያን ብሬድ፣ ሮቸስተር ላይ ደግሞ ቮልከርና ሬኪቻ ጥለውታል። አስቸጋሪው ልክ ተጣብቀው የሚውሉ ገጾች ናቸው። ኮምፒውተሩ ቁጥር ስለሚያጠጋጋ ተነካኩ ወይስ ተላለፉ የሚለውን ይስታል፤ ሕንፃ ላይ ደግሞ ግድግዳና ኮለን እኩል መግጠማቸው የዘወትር ነገር ነው። ኤመት ላሊሽ የጀመረው ማኒፎልድ የተባለ ነጻ ላይብረሪ ይህን በእጅጉ አቃልሏል፤ የ3ዲ ሶፍትዌሩ ብሌንደርም በ2025 በወጣው 4.5 ቅጂው ተቀብሎታል።

እውነተኛው ክርክር ማን ይቁረጥ የሚለው ላይ ነው። የቡዳፔስቱ ግራፊሶፍት በ2013 ባወጣው አርኪካድ 17 ለእያንዳንዱ ማቴሪያል ከ0 እስከ 999 የሚደርስ ማዕረግ ሰጠ፤ ባለ ትልቁ ቁጥር ባለ ትንሹን ይቆርጣል። ሬቪት ለግድግዳ ንብርብሮች ለረጅም ጊዜ የነበረው አምስት ደረጃ ነበር፤ እዚያ ግን የሚያሸንፈው 1 ነው። ከሶሌታ ጋር ያለውን መጋጠሚያ ደግሞ ተጠቃሚው ራሱ አያይዞ፣ ካልተስማማው ቅደም ተከተሉን ይገለብጣል። ሶፍትዌሮች ሞዴል የሚለዋወጡበት መስፈርት፣ አይኤፍሲ 4፣ ደግሞ ለንብርብሮች ከ0 እስከ 100 የሚል ሦስተኛ ሚዛን አለው። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ለሚዛወር ባለሙያ ይህ ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም።

የአርኪካድን ሐሳብ እወደዋለሁ። አንድ ጊዜ የተሰጠ ቁጥር ግድግዳውንም፣ ሶሌታውንም፣ ጣሪያውንም ይዳኛል። ችግሩ ቁጥሩ በየትኛውም ቦታ አንድ ዓይነት ፍርድ መስጠቱ ነው። በረንዳው ላይ አርማታው የሙቀት መከላከያውን ሰንጥቆ ማለፍ ይኖርበት ይሆናል፤ ከዚያ ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ፣ ሶሌታው ጫፍ ላይ፣ መከላከያው አርማታውን እንዲሸፍን ይፈለጋል። ማቴሪያሎቹ እነዚያው ናቸው፣ ፍርዱ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ተጠቃሚዎች መውጫ ያገኙት በማጭበርበር ነው፦ አርማታውን ሌላ ስምና ሌላ ቁጥር ሰጥተው ያባዙታል። ሥዕሉ ይስተካከላል፤ በመጠን ዝርዝሩ ላይ ግን ሁለት ዓይነት አርማታ ብቅ ይላል።

አዲስ አበባ ውስጥ የማን ይቁረጥ ችግር ጎልቶ የሚታየው ልስን ላይ ነው። አርማታው ኮለን ቀድሞ ይሞላል፣ ብሎኬቱ በኋላ ይገባል፤ ስለዚህ ኮለኑ ብሎኬቱን ቢቆርጥ ትክክል ነው። ልስኑ ግን ሁለቱንም ሸፍኖ ያልፋል። ሬቪት ውስጥ አርክቴክቸራል ኮለን የተጋጠመበትን ግድግዳ ልስን ይወርሳል፣ ስትራክቸራል ኮለን ግን አይወርስም። መሐንዲሱ የሚያስቀምጠው ሁለተኛውን ነው፤ የልስን ስሌቱም በእያንዳንዱ ኮለን ልክ ይጎድላል።

ፋይሉ ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው ሲሻገር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው የተቆረጠው ቅርጽ እንጂ የቆረጠው ደንብ አይደለም። ተቀባዩ ግድግዳውን ግማሽ ሜትር ቢገፋው ለኮለኑ የተቦረቦረው ክፍተት አብሮት ይሄዳል፣ ኮለኑ ደግሞ አዲስ ብሎኬት ውስጥ ገብቶ ይቆማል።