በአገልግሎት ድረ ገጾች ላይ አኒሜሽንንና ምላሽ ሰጪ ምልክቶችን በጋራ የመጠቀም አሠራር እና ለተገልጋዮች ያለው ጠቀሜታ

በኦንላይን አገልግሎት የሚጠይቅ ዜጋ ቅጹን ሞልቶ «ላክ» የሚለውን ቁልፍ ሲጫን በስክሪኑ ላይ የሚያየው እንቅስቃሴ ሁሉ መልእክት አለው። የሚሽከረከረው ክብ ጥያቄው በሂደት ላይ መሆኑን፣ የቁልፉ መደብዘዝ ለጊዜው ዳግም መጫን እንደማይቻል፣ በአንድ ሣጥን ዙሪያ የሚታየው ቀይ መስመር ደግሞ መታረም ያለበት መረጃ መኖሩን ያመለክታል። በአካል በሚሰጥ አገልግሎት ባለሙያው «ትንሽ ይጠብቁ» ወይም «ይህን አሟልተው ይመለሱ» እንደሚለው ሁሉ፣ በድረ ገጽ ላይ ይህንኑ የሚያስተላልፉት አኒሜሽንና ለተገልጋዩ ድርጊት ምላሽ የሚሰጡ ምልክቶች ናቸው።

እነዚህ ምልክቶች ከገጽ ገጽ ሲለያዩ ተገልጋዩ ለመደናገር ይዳረጋል። በአንድ ገጽ ላይ የሚሽከረከር ክብ አይቶ መጠበቅን የለመደ ሰው በሌላው ገጽ ምንም ምልክት ካላየ ጥያቄው የተላከ አይመስለውም። ኔትወርክ ደካማ በሚሆንበት ጊዜም ቁልፉን ደጋግሞ ሊጫን ይችላል። በዚህም ምክንያት አንድ ማመልከቻ ሁለት ጊዜ ሊመዘገብ፣ አንድ ክፍያም ሁለት ጊዜ ሊፈጸም ይችላል።

አሠራሩ ምን ይመስላል?

ችግሩን ለመቀነስ በድረ ገጽ ሥራ የተለመደው መፍትሔ እያንዳንዱን ምልክት አንድ ጊዜ ሠርቶና ፈትሾ በሁሉም ገጾች ላይ መጠቀም ነው። የድረ ገጽን መልክ በሚወስነው ሲኤስኤስ በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ አማካኝነት የእንቅስቃሴው ስም፣ አካሄዱና የሚፈጀው ጊዜ በአንድ የጋራ ፋይል ውስጥ ይጻፋል። ከዚያም የልደት ምዝገባም ሆነ የንግድ ፈቃድ እድሳት ገጽ እንቅስቃሴውን እንደ አዲስ ሳይጽፍ በስሙ ይጠራዋል። የአንድን እንቅስቃሴ ቆይታ ከአንድ ሰከንድ ወደ ግማሽ ሰከንድ ማሳጠር ቢያስፈልግ ማስተካከያው በአንድ ቦታ ይደረግና በሁሉም ገጾች ላይ ተግባራዊ ይሆናል። ብራውዘሩ ፋይሉን አንድ ጊዜ አውርዶ ሊያስቀምጠው ስለሚችልም ተገልጋዩ ገጽ በቀየረ ቁጥር ለተመሳሳይ ይዘት የሞባይል ዳታ አያወጣም።

ለዚህ አሠራር የዩናይትድ ኪንግደም መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ያደረገው የጋራ የዲዛይን ሥርዓት በምሳሌነት ይጠቀሳል። በሥርዓቱ ውስጥ የሚገኘው ቁልፍ በአንድ ሰከንድ ውስጥ በተከታታይ ቢጫኑት ሁለተኛውን እንዳይቀበል ማድረግ የሚያስችል አማራጭ አለው። ቁልፉን የሚጠቀሙ መሥሪያ ቤቶች ይህንን ጥበቃ ለየብቻቸው መሥራት አያስፈልጋቸውም። ይሁን እንጂ በስክሪን ላይ የሚደረግ ጥበቃ ብቻውን በቂ ስለማይሆን፣ ጥያቄውን የሚቀበለው ሲስተምም የተደጋገመ ማመልከቻን ወይም ክፍያን ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

በጋራ ጥቅም ላይ የሚውል ምልክት ጉድለት ካለበት ጉድለቱም በሁሉም ገጾች ይሰራጫል። ስለሆነም ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በጥብቅ ሊፈተሽ ይገባል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 16 ቀን 1997 በጃፓን በቴሌቪዥን በተላለፈ አንድ የ«ፖኬሞን» የካርቱን ፊልም ክፍል ውስጥ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በፍጥነት በመፈራረቁ ከ600 በላይ ተመልካቾች፣ በአብዛኛው ሕፃናት፣ ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል። በብርሃን ብልጭታ የሚቀሰቀስ የሚጥል ሕመም ላለበት ሰው በድረ ገጽ ላይ ያለ ብልጭታም ተመሳሳይ አደጋ ሊያስከትል ይችላል።

በዚህ ረገድ ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ፣ በገጽ ላይ ያለ ጉልህ ብልጭታ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከሦስት ጊዜ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። በራሱ የሚጀምርና ከሌላ ይዘት ጎን ከአምስት ሰከንድ በላይ የሚቆይ እንቅስቃሴም ተገልጋዩ ሊያስቆመው የሚችል መሆን አለበት። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 9፣ ኢንተርኔትን ጨምሮ የመረጃና የመገናኛ አገልግሎቶች ተደራሽ እንዲሆኑ ይደነግጋል። ዓይነ ስውራን የሚሽከረከረውን ክብ፣ ቀለም ለመለየት የሚቸገሩ ሰዎችም ቀዩን መስመር ላያዩ ስለሚችሉ፣ ማንኛውም ምልክት በስክሪን አንባቢ ሶፍትዌር ሊነበብ በሚችል ጽሑፍ መደገፍ አለበት።

ተገልጋዮች ሊያደርጓቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎች

1. ቁልፉን አንድ ጊዜ ከተጫኑ በኋላ መጠበቅ ያስፈልጋል። ምንም ምልክት ካልታየ፣ በተለይ ክፍያ ሲፈጽሙ፣ ዳግም ከመጫን በፊት የማረጋገጫ መልእክት መድረሱንና ከሂሳብ ላይ ገንዘብ መቀነሱን ማጣራት ይገባል።

2. እንቅስቃሴ ማዞር ወይም ራስ ምታት የሚያስከትልባቸው ሰዎች በስልካቸው ቅንብሮች ውስጥ «ተደራሽነት» በሚለው ክፍል ሥር እንቅስቃሴን የሚቀንሰውን ወይም አኒሜሽንን የሚያስቀረውን ምርጫ ማብራት ይችላሉ። ብራውዘሩ ይህንን ፍላጎት ለድረ ገጹ ያሳውቃል፤ የጋራ ፋይሉ ምርጫውን እንዲያከብር ተደርጎ ከተሠራም ፋይሉን የሚጠቀሙ ገጾች ሁሉ ያለ እንቅስቃሴ ይቀርባሉ።

3. ብልጭታ ያለበት ወይም ምላሽ የማይሰጥ ገጽ ሲያጋጥም ገጹን ዘግቶ አድራሻውን፣ ችግሩ የታየበትን ሰዓትና የስልኩን ዓይነት ለአገልግሎት ሰጪው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ይመከራል። ጉድለቱ ያለው በጋራ ፋይሉ ላይ ከሆነ የአንድ ተገልጋይ ጥቆማ ገጾቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለማረም ያስችላል።