ከተማሪ ጋር የሚያድር መምህር ሥራው ምንድን ነው?

አንድ ተማሪ በቀን ውስጥ ክፍል ገብቶ የሚቀመጥበት ጊዜ ቢቆጠር ከአምስትና ከስድስት ሰዓት እምብዛም አያልፍም። የቀረው ጊዜ የሚያልቀው በማደሪያው፣ በምግብ አዳራሹና በቤተ መጻሕፍቱ ነው። መምህራኖቻችንን የምናገኛቸው ግን በዚያች በጥቂቷ ሰዓት ብቻ ነው። ሲመሽ መምህሩ ወደ ከተማ፣ ተማሪው ወደ ዶርሙ ይሄዳል፤ እስኪነጋም አንዱ የሌላውን ኑሮ አያውቅም። በዚህ ጽሑፍ፣ በሌላ አገር የተለመደውን፣ በእኛም አገር ሥሩ የቆየውን የአብሮ አዳሪ መምህርን ሥራ ለባልንጀሮቻችን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ነገሩ ለእኛ ለቦረናና ለሳይንት ልጆች እንግዳ አይደለም። ከአጅባር ወይም ከመካነ ሰላም የመጣ ሰው የአብነት ተማሪን ኑሮ ሳያይ አላደገም። በሳይንት እንደ ተድባበ ማርያም ያሉ ጥንታውያን አድባራት ባሉበት አገር፣ ተማሪ ጎጆውን የሚቀልሰው ከየኔታ ደጅ ሳይርቅ ነው። ቀን ቀለሙን ይቀበላል፤ ሌሊት በቃሉ ሲያወርድ ቢሳሳት የኔታ ከተኙበት ሆነው ያርሙታል። በእስልምናውም ወገን እንዲሁ ነው፤ በወሎ በዳናና በጌታ በመሳሰሉት የትምህርት ቦታዎች ደረሳው ከሼኹ አጠገብ እያደረ ኪታቡን ይቀራል። በሁለቱም ዘንድ መምህሩ ማን እንደ ታመመ፣ ማን ጦሙን እንዳደረ፣ ማን ወደ አገሩ ሊኮበልል እንዳሰበ ያውቃል። ያወቀውም ሰላይ አስቀምጦ አይደለም፤ አብሮ ስለሚያድር ነው።

ወደ ዘመናዊው ትምህርት ስንመጣ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ተማሪዎቹ አዳሪዎች ነበሩ። አስተዳደሩም በዶክተር ሉሲየን ማት በሚመሩ በካናዳውያን ኢየሱሳውያን መምህራን እጅ ነበር። በ1950 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለአፍሪካ ተማሪዎች 200 የነጻ ትምህርት ዕድል ከሰጡ በኋላ፣ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ወጣቶች ከእኛ አገር ተማሪዎች ጋር በአንድ ግቢ አደሩ። በዚያ ዘመን ስለ ቅኝ አገዛዝና ስለ ነጻነት ብዙ የተማሩት ከመጽሐፍ ይልቅ ከነዚሁ ከእንግዶቹ ባልንጀሮቻቸው እንደ ነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። እንግዲህ ማደሪያ ቤት ራሱ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ነው ማለት ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የአዲስ አበባው አዳሪነት ሲቋረጥና ተማሪዎች በከተማ ቤት ሲከራዩ፣ ተማሪዎች የተቃወሙት አልጋና ምግብ ስለቀረባቸው ብቻ አልነበረም፤ አብሮ የመኖሩ ትምህርት ስለቀረም ጭምር ነበር። በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ግን ቦታው ከከተማ የራቀ ስለሆነ መምህራንና ተማሪዎች በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር።

ዛሬስ? የትምህርት ሚኒስቴር ተማሪን ከተወለደበት አርቆ ሊመድበው ይችላል፤ የአጅባሩ ልጅ ጅማ ወይም ጅግጅጋ ሊደርሰው ይችላል፤ የደቡቡም ልጅ በመካነ ሰላምና በቱሉ አውሊያ ግቢዎች ወዳሉት ወደ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ሊመጣ ይችላል። ይህ ልጅ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር፣ ምናልባትም ቋንቋቸውን በደንብ ከማይሰማቸው ጋር፣ በተደራራቢ አልጋ ያድራል። ሲመሽ የሚያገኛቸው ባለሥልጣኖች ሁለት ናቸው። አንደኛው ፕሮክተር ነው፤ ሥራው አልጋና ፍራሽ ማስረከብ፣ ቁልፍ መያዝና ንብረት መቆጣጠር ነው። ሁለተኛው የተማሪዎች ዲን ነው፤ እርሱ ዘንድ የሚደረሰው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። በቁልፍ ያዡና በቀጪው መካከል ያለው ቦታ ግን ባዶ ነው።

የዚህ ባዶ ቦታ ጉዳት በሰላም ጊዜ አይታይም። የአባቱን ሞት ሌሊት በስልክ የሰማ ልጅ ለማን ይናገራል? የመጀመሪያው ፈተና ወድቆበት ሻንጣውን የሚያሥር ልጅ ማን ያስቆመዋል? ከዚህም የባሰ አለ። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ በተነሣ ግጭት ሁለት ተማሪዎች ሞቱ፤ ሁከቱም ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛመተ፤ ብዙ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ጥለው ወደየአገራቸው ተመለሱ። አንድ መምህር ቢያድር ኖሮ ያ ሁሉ በቀረ ነበር ለማለት አንደፍርም፤ የነገሩ ምክንያት ከግቢ አጥር ውጭም ነበርና። ነገር ግን ወሬ በኮሪደር ከበር ወደ በር በሚሮጥበት ሌሊት፣ ሁሉም የሚያውቀውና ሁሉም የሚያምነው አንድ ታላቅ ሰው በሩን ከፍቶ «እስቲ ግቡና እንነጋገር» ቢል ዋጋው ቀላል አይደለም። እንዲህ ያለው እምነት ደግሞ በሁከቱ ሌሊት አይፈጠርም፤ አስቀድሞ በብዙ ሰላማዊ ምሽቶች ይጠራቀማል እንጂ።

በሌሎች አገሮች ይህ ቦታ በሥርዓት ተይዟል። የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ኮሌጆች መምህርና ተማሪን በአንድ ቅጥር ያኖሩት ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ነው። በአሜሪካ ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ1930፣ ዬል ደግሞ በ1933 ይህንኑ ልማድ ተከትለው፣ ኤድዋርድ ሃርክነስ በተባለ ባለጸጋ ገንዘብ የማደሪያ ቤቶቻቸውን ሠሩ። በሃርቫርድ አንድ ከፍተኛ መምህር ከነቤተሰቡ በማደሪያው ይኖራል፤ የየተማሪውን የትምህርት አቋም የሚከታተለው ግን ሌላ ዲን ነው። ወጣት አስጠኚዎችም በየደረጃው ከተማሪዎቹ ጎን ክፍል አላቸው። በአፍሪካም በማከሬሬና በኢባዳን ዩኒቨርሲቲዎች እያንዳንዱ ማደሪያ የራሱ ስምና ዋርደን የሚባል ኃላፊ አለው።

ከነዚህ ሁሉ የምንማረው፣ የአብሮ አዳሪ መምህር ሥራ በሦስት ነገር እንደሚጠቃለል ነው። መጀመሪያ መገኘት ነው፤ በተወሰኑ ምሽቶች በሩ ክፍት መሆኑ መታወቅ አለበት። ሁለተኛው ማዕድ ነው፤ በሳምንት አንድና ሁለት ጊዜ ከተማሪው ጋር ያንኑ ወጥ መብላት። ከክፍል ውስጥ ጥያቄ የሚያፍር ተማሪ በማዕድ ላይ አያፍርም። ሦስተኛው ማገናኘት ነው፤ የታመመውን ከሐኪም፣ የተቸገረውን ከሚረዳው ቢሮ፣ በትምህርት የደከመውን ከበረታው ጋር ማገናኘት።

ሥራው ያልሆነውንም መናገር ይገባል። አብሮ አዳሪው መምህር መቅጣት የለበትም፤ ማን ምን አለ ብሎ ለማንም ማቅረብ የለበትም። በአገራችን ጆሮ ጠቢ የሚባለው ሰው ያደረሰው ጠባሳ ገና አልሻረም፤ ተማሪው መምህሩን በዚህ ዓይን አንድ ቀን ካየው በሩ ለዘለዓለም ተዘጋ ማለት ነው። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ዝም ማለት አይፈቀድለትም፤ ይህም ወሰን ከመጀመሪያው ቀን ለሁሉም ተነግሮ መታወቅ አለበት። እንዲሁም በማደሪያው የሚኖሩትን ተማሪዎች ባያስተምር ይሻላል፤ ምሽት አብሮ የበላ ጠዋት ማርክ ሲሰጥ አድሎ ባይኖር እንኳ መታማት አይቀርለትምና።

«መምህሩ ራሱ የቤት ኪራይ ያቃተው ሰው ሆኖ ሳለ ይህን ሸክም ማን ይቀበለዋል?» የሚለን ይኖራል። ጥያቄው እውነት ነው፤ መልሱም ከዚያው ከጥያቄው ውስጥ አለ። በትንሽ ከተማ ደኅና ቤት ማግኘት ለሚቸግረው ወጣት መምህር፣ የራሱ መግቢያ ያላቸው ሁለት ክፍሎች ያለኪራይ ማግኘት ትንሽ ነገር አይደለም። በዚህ ላይ የማስተማር ሰዓቱ ቢቀነስለትና አገልግሎቱ በዕድገቱ ቢቆጠርለት ፈቃደኛ አይጠፋም። በአንድ ጊዜ በሁሉም ሕንጻ መጀመርም አያስፈልግም። በመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ማደሪያ አንድ ለወንዶች፣ አንዲት ለሴቶች ቢመደቡ፣ ዘመኑ ሁለት ዓመት ብቻ ቢሆን፣ በምርጫውም የተማሪዎች ኅብረት ድምፅ ቢኖረው ይበቃል።

ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በወጪ መጋራት የምንፈርመው ውል የመኝታንና የምግብን ዋጋ ይቆጥርብናል። እንግዲህ ሌሊቱም የትምህርታችን ክፍል ነው ብለን ብንጠይቅ ያለ አግባብ አይሆንም። አልጋውን ተቀብለናል፤ አሁን የምንጠይቀው መምህሩን ነው። ኅብረታችን ይህን ጉዳይ በሚመጣው ጉባኤ ላይ አንሥቶ እንዲወያይበት እናሳስባለን።