መድኃኒት የሌለው መርፌ

ደረቅ መርፌ ውስጡ ድፍን የሆነ፣ የማይዝግ ቀጭን ብረት ነው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ0.25 እስከ 0.30 ሚሊሜትር ቢሆን ነው፤ ክትባት ከምንወጋበት መርፌ ግማሽ ገደማ። ባለሙያው ጡንቻውን ዳብሶ የተቋጠረውን ቦታ ይፈልጋል፣ ቆዳውን ያጸዳል፣ መርፌውን ቋጠሮው ውስጥ ሰክቶ ጥቂት ጊዜ ወጣ ገባ ያደርግና ያወጣዋል። ከቻይናው አኩፓንክቸር ጋር መርፌውን ይጋራል፤ የት እንደሚወጋ የሚወስነው ግን የጡንቻና የነርቭ አቀማመጥ ነው። ስለ አሠራሩ ይህ ይበቃል።

እኔን የሚቆጨኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፦ «መርፌው ውስጥ ምን ነበር?» እኛ ዘንድ መርፌ ክብር አለው። ክሊኒክ ሄዶ ክኒን ብቻ ይዞ የተመለሰ ሰው የታከመ አይመስለውም፤ ከተወጋ ግን ልቡ ይረጋል። የሚያምነው ታዲያ ብልቃጡ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ነው፣ መርፌውን አይደለም። ፊዚዮቴራፒ በምሠራበት ቨርጂኒያ አንዲት እናት ትከሻቸውን ወግቼ ስጨርስ ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ መድኃኒቱን ረሳኸው እኮ!» አሉኝ። «እማማ፣ መድኃኒቱ መርፌው ራሱ ነው» ብላቸው አላመኑኝም። አልፈርድባቸውም። ሐኪሞችም ይህን ለመቀበል አርባ ዓመት ገደማ ፈጅቶባቸዋል።

ነገሩ የጀመረው በፈሳሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ለንደን ውስጥ ጆናስ ኬልግረን የተባለ ሐኪም በፈቃደኞች ጡንቻ ውስጥ ጨው የበዛበት ውሃ እየወጋ፣ ሕመሙ ከተወጋው ቦታ ርቆ እንደሚሰማ አሳየ። በአሜሪካ ጃኔት ትራቬል በ1940ዎቹ ፕሮኬይን የተባለውን ማደንዘዣ የተቋጠረ ጡንቻ ውስጥ መውጋት ያዘች። ጆን ኬኔዲ ገና ሴናተር ሳለ የወገብ ሕመሙ መቆሚያ መቀመጫ ሲያሳጣው ያከመችው እሷ ናት። በ1961 የፕሬዚዳንቱ የግል ሐኪም ስትሆንም በዚያ ሥልጣን ላይ የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። ታካሚው ሲሻለው ታዲያ ምስጋናው በአብዛኛው የሚሄደው ለማደንዘዣው ነበር።

ካሬል ሌዊት የተባለው የፕራግ ሐኪም ግን ሌላ ነገር አስተዋለ። ሐኪሞች የሚወጉት ፈሳሽ ይለያያል፤ በሁሉም ዘንድ አንድ የሆነው የመርፌው መግባት ብቻ ነው። ስለዚህ ፈሳሹን ተወው። በ1979 ባሳተመው ጽሑፍ 241 ታካሚዎች ላይ 312 የሚያም ቦታ በባዶ መርፌ ወግቶ፣ በ86.8 በመቶው ሕመሙ ቦታው ሳይደነዝዝ ወዲያው መልቀቁን ዘገበ። ውጤቱም መርፌው ትክክለኛዋን የሕመም ነጥብ በማግኘቱ ላይ የተመሠረተ ነበር። ግማሽ ሳንቲሜትር ስቶ የተሰካ መርፌ ቆዳ ከመብሳት በቀር ብዙ ላይሠራ ይችላል፤ የሙያው ክብደት በጣት ዳበሳው ላይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

በ1994 ደግሞ ሆንግ የተባለ ተመራማሪ የማጅራትና የትከሻ ጡንቻ ላይ ሁለቱን አነጻጸረ፤ ለአንዱ ቡድን ማደንዘዣ ያለው መርፌ፣ ለሌላው ደረቁን። በሁለቱም የተሻላቸው መርፌው ሲነካ ጡንቻቸው ትር ያለባቸው ሰዎች ናቸው። ጡንቻው ትር ያላለባቸው ብዙም ለውጥ አላገኙም። የማደንዘዣው ጥቅም የታየው ከመርፌው በኋላ የሚመጣውን የመቁሰል ስሜት በማቅለል ነው። ታካሚዎቼ የሚደነግጡባት ይህቺ ትርታ ለእኔ የሥራው ሁሉ ጣፋጭ ጊዜ ናት። ታካሚው አላዘዛትም፣ ሊያግዳትም አይችልም፤ ከአከርካሪ አጥንት ውስጥ በምትመለስ ቅጽበታዊ ምላሽ ጡንቻው ራሱ ይነጥራል፣ ከዚያ ብዙ ጊዜ ከጣቴ ሥር ሲላላ ይታወቀኛል። ትርታዋ ለመዳን የግድ ናት ወይ የሚለው፣ ቋጠሮውም በትክክል ምን እንደሆነ፣ ዛሬም ባለሙያዎችን ያከራክራል።

«እዚህ ጋ ነው የሚያመኝ፣ እዚሁ ውጋልኝ» እያላችሁ ባለሙያውን አታጣድፉት። በትከሻ አጥንት ጀርባ ያለ ቋጠሮ ሕመሙን በትከሻው ፊት ለፊት ያሰማል። በመቀመጫ ውስጥ በጥልቀት የተኛችው ትንሿ ጡንቻ ስትቋጠር ሕመሙ በጭን ጎን እስከ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል፤ ሰውም «ነርቭ ነው» ብሎ ይደመድማል። አንዳንዴ እውነትም ነርቭ ነው። በተለይ እግሩ ከደነዘዘ ወይም ከዛለ መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

ስለ ጉዳቱ፦ በ2014 አየርላንድ ውስጥ 39 ፊዚዮቴራፒስቶች የመዘገቧቸው 7,629 ሕክምናዎች መበለዝን፣ ጥቂት መድማትንና ሕመምን አሳይተዋል፤ ከባድ አደጋ አልነበረም። ይህ ግን መርፌው ሳንባ አጠገብ ሲገባ መዘናጋትን አይፈቅድም። በደረትና በላይኛው ጀርባ በኩል ጠልቆ የገባ መርፌ አልፎ አልፎ ሳንባ ይበሳል። ከሕክምናው በኋላ ትንፋሽ ያጠረው ወይም ደረቱን የወጋው ሰው «ይለቀኛል» ብሎ አይተኛ፣ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ ሳትጠየቁ ተናገሩ። መርፌው ከማሸጊያው ፊታችሁ ካልወጣም ተነሥታችሁ ሂዱ።

የመርፌው እፎይታ ጎልቶ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ለረጅም ጊዜ ስለመቆየቱ ያለው ማስረጃ ደካማ ነው። አንገቱ ሲላላለት ከአልጋው ዘሎ ወርዶ፣ ያሳየሁትን እንቅስቃሴ ሳይሠራ ቀጥታ ወደ ታክሲው መሪ የሚመለሰውን ወንድሜን የምቆጣው ለዚህ ነው። ጡንቻው በላላባቸው በእነዚያ ቀናት አንገቱን በየሰዓቱ ያዙር፣ ትከሻውን ያጠንክር፣ መቀመጫውን ያስተካክል፤ ይህን ካደረገ የሚቀጥለው ቀጠሮ ላያስፈልገው ይችላል።