በፀሐይ የሚሠራ ሙቀት አመላላሽ መኪና፤ እኛው ልንተክለው እንችላለን?

ከሐይቅ ባሕር ጧት የወጣ ቆሮሶ በዚያው ቀን ካልተሸጠ ወይም ካልተጠበሰ ይበላሻል። እስከ ደሴ ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪና ከዘገየና ፀሐዩ ከበረታ ሻጩ ዓሣውን በርካሽ ይሰጠዋል፤ አለዚያም ይጥለዋል። ወደ አምባሰል ደጋ ወጣ ሲሉ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሕፃናትና ሽማግሌዎች በብርድ ይቸገራሉ። ቤት ለማሞቅ እንጨት ይነዳል፤ ጢሱም ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። አንዱ ጋ ሙቀት ተርፎ ያበላሻል፤ ሌላው ጋ ጎድሎ ያስቸግራል።

ሙቀትን ከአንድ ቦታ አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ የሚወስድ መኪና አለ። ከተማ የወረደ ሰው በባንክ ወይም በሆቴል ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ሳያየው አልቀረም፤ አንዱ ሣጥን ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ ሆኖ በቱቦ ይገናኛሉ። ሰዉ ኤሲ ይለዋል። ፍሪጅም የዚሁ ወንድም ነው። ታዲያ የመብራት ኃይል መስመር በሌለበት ይህን መኪና በፀሐይ ብቻ ማሠራት ይቻላል ወይ? ከተቻለስ እኛው በእጃችን ልንተክለው እንችላለን ወይ? ከፊሉን እንችላለን። ከፊሉ ግን ሰው ይገድላል። በየተራ እንየው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተውል። ብርድ የሚባል ራሱን የቻለ ነገር የለም። ብርድ ማለት የሙቀት መጉደል ነው፤ ጨለማ የብርሃን መጉደል እንደሆነ ሁሉ። ስለዚህ ፍሪጅ ብርድ አይሠራም፤ ከውስጡ ሙቀት እያወጣ ወደ ውጭ ይጥላል እንጂ። ከፍሪጅ ጀርባ እጅ ቢያስጠጉ የሚሞቀው ለዚህ ነው።

ሙቀቱ እንዴት ይወጣል? የሸክላ እንስራን ተመልከቱ። ውሃ ሲሞላ ላዩ ያልበዋል። ላቡ በነፋስ ሲደርቅ ውስጡ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። ጤና ጣቢያ መርፌ ስትወጉም አልኮል የተቀባው ቦታ ቅዝቅዝ ይላል። ፈሳሽ ነገር ሲተን ሙቀት ይፈልጋል፤ ሙቀቱንም አጠገቡ ካለው ነገር ይወስዳል። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይኸውላችሁ፦ የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው መንፊያው እንደሚግል ያውቃል። አየር ሲታመቅ ይሞቃልና። እኛ ይህን በዩኒቨርሲቲ በብዙ ቀመር ተምረነዋል፤ እኔ እንደሚመስለኝ ግን እንስራውና መንፊያው ከቀመሩ ይልቅ ያስረዳሉ።

መኪናው እነዚህን ሁለት ነገሮች አገናኝቶ ይሠራል። በመዳብ ቱቦ ውስጥ በቀላሉ የሚተን ፈሳሽ ይዞራል። ቤት ውስጥ ካለው ሣጥን ሲደርስ ይተናል፤ ሲተንም የቤቱን ሙቀት ይጠጣል። ከዚያ ኮምፕረሰር የሚባለው ክፍል እንፋሎቱን ያምቀዋል፤ እንፋሎቱም ይግላል። ውጭ ባለው ሣጥን ሲያልፍ ሙቀቱን ለአየሩ ሰጥቶ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ግፊቱ ሲላላ ይቀዘቅዝና ወደ ቤት ይመለሳል። እንዲህ ሲዞር ይውላል። ዙረቱ ከተገለበጠ ደግሞ ከውጭው አየር ሙቀት ለቅሞ ወደ ቤት ያስገባል። “ውርጭ የወረደበት አየር ምን ሙቀት አለውና?” ትሉ ይሆናል። አለው እንጂ! በቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከዚያ አየር ይበልጥ ስለሚቀዘቅዝ ሙቀቱ ወደ ፈሳሹ ይሄዳል።

ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ አንድ እጅ ኤሌክትሪክ በልቶ አንድ እጅ ሙቀት ይሰጣል። ይህ መኪና ግን ሙቀትን አመላላሽ ስለሆነ አንድ እጅ በልቶ ሦስት እጅ ያህል ያስገባል። አህያ ከምትበላው ገብስ የበለጠ እህል ተሸክማ እንደምትመጣው ማለት ነው። ሐሳቡ የትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ኦስትሪያ ውስጥ ሪቲንገር የሚባል መሐንዲስ በዚሁ ዘዴ የጨው ውሃ ለማትነን ሞክሯል። ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያወጣው ሰሌዳ ግን ዘግይቶ የመጣ ነው። ለሥራ የሚበቃው ዓይነት አሜሪካ ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። የተሠራበት ሲሊከን ከአሸዋ ይወጣል።

በአገራችንም ነገሩ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ሚቶ በሚባል መንደር በፀሐይ የሚሠራ የመንደር መብራት ተተክሎ ነበር። በክልላችን በሰሜን ሸዋ ደግሞ ሬማ የምትባል መንደር አለች። በ2000 ዓ.ም. ዙሪያ ወደ 2000 የሚጠጉ አነስተኛ የፀሐይ መብራቶች በሬማና በአካባቢዋ ቤቶች ተተከሉ። የሚተክሉና የሚጠግኑ ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤትም እዚያው ተከፈተ። ለእኔ ከመብራቱ ይልቅ ይህ ትምህርት ቤት ይበልጥብኛል። የተተከለ ሁሉ ይበላሻል፤ ጠጋኙ ከሩቅ ከተማ እስኪመጣ የሚጠበቅ ከሆነ ሰሌዳው የዶሮ መስፈሪያ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንሂድ። ሳይሰላ የተገዛ ዕቃ ገንዘብ ማባከን ነውና። የኤሌክትሪክ ጉልበት የሚለካው በዋት ነው። በደኅና የበጋ ቀን አንድ ሰሌዳ በሙሉ ኃይሉ 5 ሰዓት እንደሠራ ይቆጠራል። 50 ዋት የሆነ ሰሌዳ 50 ጊዜ 5፣ ማለትም 250 ይሰጣል። በሽቦና በባትሪ ሲሦው ስለሚባክን 170 ያህል እጃችን ይገባል። ወጪውስ? 5 ዋት የሆኑ 3 አምፖሎች ለ4 ሰዓት ሲበሩ 60 ይበላሉ። ስልክ መሙላትና ሬዲዮ ሌላ 40 ቢወስዱ ድምሩ 100 ነው። ይተርፋል። በክረምት ግን ደመናው ገቢውን በግማሽ ሊቀንሰው ስለሚችል ያኔ አንድ አምፖል ማጥፋት ነው።

ትንሹ ኤሲ ግን ሲሠራ 750 ዋት ያህል ይበላል። በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ 4500 ይሆናል። ለዚህ ብቻ እያንዳንዳቸው 100 ዋት የሆኑ 13 ሰሌዳዎች ያስፈልጋሉ። ይህም ፀሐይ ባለችበት ሰዓት ብቻ ለሚሠራው ነው። ብርዱ ደግሞ ሌሊት ነው! ለሌሊቱ ትልልቅ ባትሪዎች ይጨመራሉ፤ ከሁሉ ውድ የሆነውም ባትሪ ነው። በዚያ ላይ ቤቱ ቀዳዳ ከሆነ የገባው ሙቀት በጣሪያውና በግድግዳው ይወጣል፤ በተሰነጠቀ እንስራ ውሃ እንደመቅዳት ነው። ስለዚህ ለአንድ አባወራ ቤት ይህን መኪና ግዙ ብዬ አልመክርም። ግድግዳውን በጭቃ መምረግ፣ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ መወጠር፣ ጢስ የሚቀንስ ምድጃ መሥራት ይቀድማል። ከፀሐይ ደግሞ መብራት ይቀድማል።

ለኅብረት ሥራ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ቢሆን በጋራ ማቀዝቀዣ ሊገዛ ይችላል። እዚህ ላይ ከክትባት ማቀዝቀዣ የምንማረው ብልሃት አለ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ይበላሻል። መብራት በሌላቸው ጤና ጣቢያዎች የሚተከሉ አንዳንድ የፀሐይ ፍሪጆች ባትሪ የላቸውም። ቀን ፀሐይ ሳለች በረዶ ይሠራሉ፤ ሌሊት በረዶው ያቀዘቅዛል። ባትሪያቸው በረዶው ነው ማለት ይቻላል። ባትሪ ያረጃል፤ በረዶ ግን አያረጅም። ዓሣም ቢሆን በበረዶ ተሸፍኖ ሲጓዝ ደሴ ሳይበላሽ ይደርሳል።

እንግዲህ በእጃችን ልንተክለው የምንችለው የትኛው ነው? አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ባትሪ፣ ኮንትሮለር የሚባለው ትንሽ ሣጥንና ጥቂት አምፖሎች ያሉበትን የቤት መብራት ጥንቃቄ ያለው ሰው ይተክለዋል።

ሥራው የሚጀምረው ከገበያ ነው። ማንበብ መቻል እዚህ ላይ ገንዘብ ያድናል። ከሰሌዳው ጀርባ የተለጠፈ ጽሑፍ አለ፤ ስንት ዋት እንደሆነ ይናገራል። ጽሑፉ ግን ሊዋሽ ስለሚችል በክንዳችሁ ለኩት። ደኅና ሰሌዳ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቢሆን 200 ዋት ገደማ ይሰጣል። አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሆነው የዚህ ሩብ ስለሆነ ከ50 ዋት ብዙ አይበልጥም። ነጋዴው በዚያች ሰሌዳ ላይ “100 ዋት ነው” ካላችሁ ትታችሁ ሂዱ።

ሰሌዳው ወዴት ይዙር? በታኅሣሥ ቀትር ላይ ብትቆሙ ጥላችሁ ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ ፀሐይ በደቡብ በኩል ናትና። በሰኔ ጥላው ወደ ደቡብ ይዞራል። የበለጠውን ጊዜ ፀሐይ በደቡብ ስለምትሆን፣ ሰኔም ደመናማ ስለሆነ፣ ሰሌዳው ወደ ደቡብ ያዘንብል። ፊታችሁን ወደ ፀሐይ መውጫ ስታዞሩ ቀኝ እጃችሁ ደቡብ ነው። ለአንድ ክንድ ርዝመት ግማሽ ስንዝር ከፍታ ይበቃዋል፤ ዝናቡም አቧራውን ያጥበዋል። ከቆርቆሮው በላይ ግማሽ ስንዝር ያህል ክፍት ቦታ ይተውለት፤ ሰሌዳ ሲግል ጉልበቱ ይቀንሳልና ነፋስ በሥሩ ይለፍ። የባሕር ዛፍ ጥላ አይንካው። ጥላ ጥግ ጥጉን ብቻ ቢይዘው እንኳ የመላው ሰሌዳ ኃይል በጣም ሊወድቅ ይችላል።

ሽቦ ሲገናኝ ሰሌዳው በወፍራም ጨርቅ ይሸፈን። ቀዩ ከመደመር፣ ጥቁሩ ከመቀነስ ምልክት ጋር ይያያዛል። ቅደም ተከተሉም ይጠበቅ፤ ኮንትሮለሩ በመጀመሪያ ከባትሪው፣ ቀጥሎ ከሰሌዳው፣ በመጨረሻ ከአምፖሎቹ ጋር ይገናኛል። ሲፈታ በተቃራኒው ነው። ከባትሪው ቀይ ጫፍ አጠገብ ፊውዝ ይግባ። ፊውዝ የምትረባ አትመስልም፤ ግን ሽቦ ተነካክቶ እሳት ከመነሣቱ በፊት እሷ ተቃጥላ ቤቱን ታድናለች። ሽቦው ቀጭንና ረጅም አይሁን፤ ኃይሉ መንገድ ላይ ያልቃል። አሲድ ያለው ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ ከምድጃና ከመኝታ ራቅ ብሎ፣ አየር በሚያገኝበትና ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ከግማሽ በታች እየጨረሱ ማሠራትም ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

የማንነካውስ? ለኤሲ ብዙ ሰሌዳዎች እንደ ሰንሰለት ይቀጣጠላሉ። አንድ ሰሌዳ 20 ቮልት ያህል ስለሆነ ሰውን ክፉኛ አይመታም። 12 እና 13 ሲቀጣጠሉ ግን ከ200 ቮልት በላይ ይሆናል። ይህ ይገድላል። ፀሐይ ደግሞ ማጥፊያ የላትም፤ ብርሃን እስካለ ድረስ ሰሌዳው እንደበራ ነው። ሽቦው ሲላቀቅ የሚነሣው ብልጭታም ቶሎ አይጠፋም፤ ጣሪያ ያቃጥላል። በመዳብ ቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝም በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ነው። ካመለጠ ቆዳን እንደ እሳት ይልጣል፤ አንዳንዱ ዓይነት እሳት ይቀጣጠልበታል። ቱቦው ከመሞላቱ በፊት አየሩ በልዩ ፓምፕ መመጠጥ አለበት፤ እርጥበት ከቀረበት ኮምፕረሰሩ ይበላሻል። እኛ ሣጥኑ የሚንጠለጠልበትን ብረት መትከል፣ ግድግዳ መብሳት፣ ሰሌዳ ማሰር እንችላለን። ቱቦውንና የተቀጣጠሉትን ሽቦዎች ግን የሠለጠነ ሰው ያገናኛቸው። ማኅበሩ ከመግዛቱ በፊት ሻጩን “የሚተክል ሰው ትልካላችሁ ወይ? መለዋወጫስ ከየት ይገኛል?” ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በወረቀት ይቀበል።

ከተተከለ በኋላ ሥራው ጥቂት ነው። በበጋ አቧራ ስለሚበዛ ሰሌዳው በየሁለት ሳምንቱ ጧት ሳይግል በውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይታጠብ። አመድና አሸዋ አይነካው፤ መስተዋቱን ይቧጭረዋል። መብረቅ በሚያስፈራበት ጊዜ ወደ ጣሪያ አትውጡ፤ ሽቦም አትንኩ። ባትሪው ሲያረጅም ሜዳ ላይ አይጣል፤ በውስጡ ያለው እርሳስ ውሃና ከብት ይመርዛል። አሮጌ ባትሪ የሚገዙ ነጋዴዎች ከተማ ውስጥ ስላሉ፣ አዲሱን ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ከዋጋው አስቀንሱበት።