ተረትና እውነታ፦ ብቻውን ውጭ አገር የሚማር ልጅ

ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተማሪ ወላጆቹን አገር ቤት ትቶ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ውጭ አገር የሚጨርስባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው። ስለነሱ የሚወራው ግን ብዙ ነው። ከነቀምቴ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው አንገር ጉቲንና በአካባቢዋ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በነበረው ግጭት ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሏል፤ ትምህርትም ተቋርጧል። በዚያ ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና አለ። በ2014 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ወላጅ ጥሪቱን አሟጦ ልጁን ለመላክ ቢመኝ አይፈረድበትም። የሚያሳስበው በየትኛው ወሬ ተመርቶ እንደሚልከው ነው።

«አሜሪካ ዘመድ ካለው በመንግሥት ትምህርት ቤት በነፃ ይማራል» ይባላል። ወሬው ከእውነት የተቆረሰ ነው። ወላጆቹ ዲቪ ደርሷቸው አብሯቸው የገባ ልጅ ነዋሪ ስለሆነ በእርግጥ በነፃ ይማራል። ብቻውን በተማሪ ቪዛ፣ ማለትም በኤፍ-1 የሚሄድ ልጅ ግን ሌላ ሕግ ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያለ ተማሪ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መቆየት የሚችለው በድምሩ ቢበዛ 12 ወር ነው። መንግሥት ለአንድ ተማሪ የሚያወጣውን ሙሉ ወጪም አስቀድሞ ይከፍላል፤ አጎት ወይም አክስት እዚያው ሰፈር መኖራቸው ክፍያውን አያስቀርም። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ በኤፍ-1 መማር ጭራሽ አይቻልም። ስለዚህ እስከ 12ኛ ክፍል ለመጨረስ የሚቀረው የግል ትምህርት ቤት ነው። እሱም ተማሪ እንዲቀበል የተፈቀደለት መሆን አለበት፤ አይ-20 የተባለውን ቅጽ የሚሰጠውም የአንደኛውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ መኖሩን አይቶ ነው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲተመን ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዛሬ ከ100 ብር በላይ ስለሆነ፣ ያኔ የተሰላ በጀት አሁን አይሠራም።

የአሜሪካ የልውውጥ ፕሮግራም የሚባለው ሌላ ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ከስድስት ወር ለሆኑ ወጣቶች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ቢበዛ የአንድ የትምህርት ዘመን ቆይታ እንጂ ዲፕሎማ የሚያስጨርስ አይደለም።

«እየሠራ ይማራል፣ ለኛም ይልካል» የሚለው ተስፋ ልጁን ከማንኛውም ፈተና በላይ ይጎዳዋል። በኤፍ-1 የሄደ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ መሥራት አይፈቀድለትም። በእንግሊዝ የሕፃናት ተማሪ ቪዛ ያለው፣ ያውም 16 ዓመት ከሞላው፣ በትምህርት ወቅት በሳምንት 10 ሰዓት ነው የሚፈቀድለት። ይህ ቪዛ በሚከፈልባቸው የግል ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ብቻ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ልጁ ገንዘብ የሚላክለት እንጂ ገንዘብ የሚልክ አይሆንም። ቤተሰብ ይህን ሳያውቅ ሲጠብቅ ልጁ ወይ ይዋሻል ወይ ሕግ ይጥሳል።

«ጎረምሳ ነው፣ ራሱን ይችላል» የሚለውንም የተቀባዮቹ አገሮች ሕግ አይቀበለውም። ካናዳ ከ17 ዓመት በታች ሆኖ ብቻውን ለሚመጣ ተማሪ የካናዳ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነ ኃላፊ እንዲኖረው ታዛለች፤ ኃላፊውም ወላጆችም በውል አዋዋይ ፊት ይፈርማሉ። እንግሊዝ ደግሞ ከ16 ዓመት በታች ያለው ልጅ በአዳሪ ትምህርት ቤት፣ በቅርብ ዘመድ ወይም በአሳዳጊ ቤት እንዲኖር ትጠይቃለች፤ 16ና 17 ዓመት የሆነው ለብቻው ለመኖር የወላጅ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የኃላፊው ነገር እንደ ወረቀት ጉዳይ ብቻ መታየቱ ስህተት ነው። ልጁ ሲታመም ሐኪም ቤት የሚጠራው፣ ከትምህርት ሲቀር ርዕሰ መምህሩ የሚደውልለት ይህ ሰው ነው።

ይህን ኃላፊነት መንግሥት ራሱ የተሸከመበት ጊዜ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባዋ የወጣቶች ደሴት ተልከው በአዳሪ ትምህርት ቤት ተማሩ። ብዙዎቹ አባቶቻቸው በጦርነቱ የወደቁ ነበሩ። ግማሽ ቀን ይማራሉ፣ ግማሽ ቀን በብርቱካንና በመሰል ፍራፍሬ እርሻ ይሠራሉ። ከመካከላቸው ሐኪምና መሐንዲስ ሆነው የተመለሱ አሉ። ይህ «የሄደ አይመለስም» ለሚለውም መልስ ነው። ለወለጋ ደግሞ ከዚህ የቀደመ ምሳሌ አለ። በልጅነቱ በባርነት የተሸጠው አናሲሞስ ነሲብ ምጽዋ ላይ ነፃ ወጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1876 ለትምህርት ወደ ስዊድን ሄደ። በ1881 ቢመለስም መንገዱ ተዘግቶበት ነቀምቴ የደረሰው በ1904 ነው፤ ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታትሞ ነበር።

ስኮላርሺፕስ? እውነተኛው አለ፣ ጥቂት ነው እንጂ። የተባበሩት ዓለም ኮሌጆች በየአገሩ ባሉ ብሔራዊ ኮሚቴዎች አማካይነት ከ16 እስከ 18 ዓመት ያሉ ተማሪዎችን ይመርጣሉ፤ ድጋፉ የቤተሰቡን አቅም ያያል፣ ትምህርቱ የሁለት ዓመት ነው። ከትምህርት ቤቶቹ መካከል በአፍሪካ ምድር በኢስዋቲኒና በታንዛኒያ የሚገኙ አሉ። ጆሃንስበርግ ያለው የአፍሪካ አመራር አካዳሚም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የመላ አፍሪካን ወጣቶች ይቀበላል። ከአገር ቤቱ ፈተና መሸሻ ግን አይደሉም። በተባበሩት ዓለም ኮሌጆች የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ባካሎሬት ስድስት የትምህርት ዓይነትና እስከ 4,000 ቃል የሚደርስ የጥናት ጽሑፍ ይጠይቃል።

ማንኛውም ማመልከቻ ትራንስክሪፕት ይፈልጋል። በመፈናቀል ሰነዱ የጠፋበት ቤተሰብ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ልጁ ወደተማረበት ትምህርት ቤትና ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። ደላላ «እኔ አሠራዋለሁ» የሚለው ትራንስክሪፕት በቪዛ ማመልከቻ ላይ ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ፣ ካናዳ አመልካቹን ለ5 ዓመት፣ እንግሊዝ ደግሞ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላውን ለ10 ዓመት ትከለክላለች። የአሜሪካው እገዳ የጊዜ ገደብ የለውም።